መሥራችነት የሚያድሉት ሼህ በድሩ

በአገራችን ያረጀ ሕንፃ ሁሉ ሁለት መሠረት አለው። አንደኛው ከመሬት በታች ነው፤ ድንጋይ ነው፤ አይናገርም። ሁለተኛው በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ነው፤ ዝም አይልም። ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ አለ፣ መስጊድ ብትሄዱ አለ፣ ያረጀ ድልድይ አጠገብ እንኳ አይጠፋም። ሕንፃው የተሠራው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው፤ ሲያወራው ግን ለግንበኞቹ ምሳ ያቀረበ ይመስላል።

የከሚሴው ሰው ሼህ በድሩ ይባላሉ።

ሼህነቱን ማን እንደሰጣቸው በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «የጠራኝ ሁሉ ነዋ» አሉኝ።

መቀመጫቸው ከአሮጌው መስጊድ በር በስተግራ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ነው። ካለፈው እድሳት የተረፉ ብሎኬቶች እዚያ ተደርድረው ቀርተዋል። ሼህ በድሩ የበግ ቆዳ አንጥፈውባቸው ወንበር አደረጓቸው። የመስጊዱ ኮሚቴ ብሎኬቶቹን ለአጥር ሊያውላቸው ስንት ጊዜ ሞክሯል፤ አልሆነም። ብሎኬት ሊያስነሣ የመጣ የኮሚቴ አባል ስለ አያቱ አንድ ነገር ይነገረዋል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የመጣበትን ረስቶ ይመለሳል።

ዘዴያቸው አንድ ነው። ሰላምታው በኦሮምኛ ይጀመራል፣ በአማርኛ ይቀጥላል፣ በዐረብኛ ዱዓ ይዘጋል። «ኮቱ፣ ና እዚህ ጋ ተቀመጥ» ይሉታል እንግዳውን። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «የማን ልጅ ነህ?» እንግዳው አባቱን፣ አያቱን፣ አገሩን ይናገራል። ሼህ በድሩ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

«ቤት አልነገሩህም?» ይላሉ።

ቤት አልነገሩትም። የሚነግረው የለም፤ ቤት ያሉትም አያውቁም። በዚህ ጊዜ ሼህ በድሩ የእንግዳውን ቅድመ አያት ከመቃብር አስነሥተው፣ መዶሻ አስይዘው፣ በአሮጌው መስጊድ ግድግዳ ላይ ያወጡታል።

የጎጃም ሰው መጥቶ ያውቃል፤ የባህል ባለሙያ ነኝ ያለ፣ መቅረጫ የያዘ። በሩን የጠረበው ከጎጃም የመጣ አናጢ መሆኑን ሰምቶ ተመለሰ። ለመንገድ ሥራ የመጣ ቻይናዊ መሐንዲስም አንድ ቀን ከአስተርጓሚው ጋር ጥላ ፍለጋ ጎራ አለ። ያን ቀን ሼህ በድሩ ከወትሮው ረዘም አድርገው አሰቡ። የብሎኬቱ አካባቢ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«በለው እስቲ» አሉ ለአስተርጓሚው። «የዚህ መስጊድ የመጀመሪያው ቁርኣን የተጠቀለለበት ሐር ከየት የመጣ ይመስለዋል?»

መሐንዲሱ ቆቡን አወለቀ።

ይህን ጥበብ የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሼህ በድሩ በጉልምስናቸው ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበሩ። ከአፋር ቆላ በመጣው ነጋዴና ከደጋ በወረደው ገዢ መካከል ይቆማሉ። በእሳቸው ዘመን ዋጋ ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር፤ በሽርጥ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ጣት እየተጨበጠ ነው። በቀኝ እጃቸው ሻጩን፣ በግራቸው ገዢውን ይዘው፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳይታይ ለእያንዳንዱ የየራሱን ዋጋ ይነግሩታል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ሼህ በድሩ ሲያረጁ ሙያውን ከግመል ወደ ታሪክ አሻገሩት።

ድንበር ግን አላቸው። «ሐዲስ ላይ እጄን አላስገባም» ይላሉ። «እሱ ባለቤት አለው። የድንጋዩ ወሬ የኛው ነው።» አንድ ነገር ደግሞ ቆይቼ አስተዋልኩ። ስለ ፍየል ሲያወሩ በየመሃሉ ወላሂ ይላሉ። ስለ መስጊዱ ሲያወሩ ወላሂ ብለው አያውቁም።

እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁት በሙስዐብ ምክንያት ነው። ሙስዐብ የሒሳብ መምህር ነው፤ የማስፋፊያው ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው፤ በሁለቱም ሥራው ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። ማስፋፊያው የቅንጦት አልነበረም። ጁምዓ ሲሆን መስጊዱ ይሞላል፤ ግቢው ይሞላል፤ የቀረው ሰው አስፋልቱ ዳር ማዳበሪያ አንጥፎ ይሰግዳል። ሽማግሌ ሱጁድ ወርዶ ሳለ ባጃጅ ጆሮው ሥር ጥሩምባ ይነፋል። ክረምት ላይ ከሰላት የሚመለሰውን ሰው በግንባሩ ጭቃ ትለዩታላችሁ።

ችግሩ መሬት ነው። ከፊት አስፋልት፣ ከኋላ መቃብር፣ በምዕራብ ሱቆች። የቀረው ምሥራቁ ነው፤ እዚያ ደግሞ የእትዬ ገበያነሽ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ የፓፓያ ዛፍና ጥቂት ጌሾ ያለባት ቁራጭ ጓሮ ናት። እሷ ከተገኘች አዳራሹ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሰው ከአስፋልት ይነሣል። ካልተገኘች ፕላኑ ተጠቅልሎ የሙስዐብ አልጋ ሥር ይገባል።

እትዬ ገበያነሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ የገቡባት፣ ቀበሌው ሁሉ የሚያከብራት ክርስቲያን ናት። ኮሚቴው ሽማግሌ ልኮባት «ለእግዜር ቤት መሬት አልሸጥም» ብላ መለሰች። ይህ እምቢታ ይሁን እሺታ ኮሚቴው አልገባውም። መልሶ ሊጠይቃት ፈራ። ሼህ በድሩ ብቻ አልፈሩም። ከአጥሯ ማዶ ቆመው ነገሯት፦ የመስጊዱን የመጀመሪያ የውዱእ መታጠቢያ ጉድጓድ የቆፈሩት አማቿ፣ አቶ ባንተይርጋ ናቸው። ቤት አልነገሩሽም?

እኔን ሙስዐብ የጠራኝ ለዕብነ በረዱ ነው። በዕብነ በረድ ተቀርጾ በአዲሱ በር ላይ የሚለጠፍ የታሪክ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። «ጋዜጠኛ ነበርክ፤ አሁን ደግሞ መጽሐፍ ትጽፋለህ» አለኝ። «አንድ አንቀጽ ነው። መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው። ምን ያስቸግራል?»

ዜና ሠርቼ በኖርኩበት ቤት አንድ ሕግ ነበር። አንድ ሰው ብቻ የነገረህ ነገር ወሬ ነው፤ ሁለተኛ ምንጭ ሲያገኝ ዜና ይሆናል። ስለዚህ ከተማውን ዞርኩ። የሰንበቴው የከብት ነጋዴ አብዶ፣ ድንጋዩ የመጣው በቅድመ አያቱ ግመሎች ነው አለኝ። ማን ነገረህ? ሼህ በድሩ። የጨፋ ሮቢቱ ገበሬ አደም፣ ምሰሶውንም ድንጋዩንም የጎተቱት የአያቱ በሬዎች ናቸው አለኝ። ማን ነገረህ? ሼህ በድሩ። ሳምንት ዞሬ የሰበሰብኩት ለአንድ ክፍለ ጦር የሚበቃ መሥራችና አንድ ምንጭ ነው።

ወደ ምንጩ ሄድኩ። እምብርቴ ሲቆረጥ ጀምሮ ያውቁኛል። ያም ሆኖ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«ያውቁኛል እኮ።»

«በል እንጂ። ሥርዓት ነው።»

የአባቴን ስም ተናገርኩ። ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ጢማቸው ተዳበሰ። የመስጊዱን የመጀመሪያ ቆርቆሮ ከደሴ በሥራ መኪና ጭኖ ያመጣው አባቴ ኖሯል። ሹፌር ስለነበረ ያስኬዳል። እናቴን ጠየቅኳት። «አባትህ የገዛ ጣራችንን መች አስጠገነ?» አለች። ማስታወሻዬ ላይ ሰረዝኩት። ስሰርዝ እጄ ለምን እንደከበደኝ ያን ጊዜ አልመረመርኩትም።

ሙስዐብ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። አደምና የጨፋ ገበሬዎች በደቦ ያወጡትን ድንጋይ ይዘው መጥተዋል። አብዶ ከሰንበቴ ምንጣፍ ጭኖ መጥቷል። እትዬ ገበያነሽ ከሻይ ቤት በመጣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ተቀምጣለች። ዛሬ ስለ ጓሮዋ ቁርጡን ትናገራለች ተብሏል። ሙስዐብ መልካም ሰው ነው። ቀጥሎ ያመጣው ሐሳብ ግን መልካም አልነበረም።

«መጀመሪያ እያንዳንዱ ስለ መስጊዱ የሚያውቀውን ይናገር» አለ። «ጸሐፊያችን ይይዘዋል።»

ሼህ በድሩ ብሎኬታቸው ላይ ተነቃነቁ። አንድን በሬ ለሦስት ሰው የሸጠ ደላላ፣ ሦስቱ ገዢዎች በአንድ በር ሲገቡ ሲያይ እንዲህ ነው የሚነቃነቀው።

አብዶ ተነሣ። «የመጀመሪያውን ድንጋይ የኔ ቅድመ አያት ግመሎች አመጡ። ይኼ ይጻፍ።»

«የምን ግመል?» አለ አደም።

«ግመል። አታውቅም?»

«ግመል አውቃለሁ። ድንጋዩን ያመጡት ግን በሬዎች ናቸው። የአያቴ በሬዎች። ከጨፋ።»

«በጨፋ ጭቃ በሬ ድንጋይ ይጎትታል?»

«አይ፣ ግመልህ ይጎትታል። ጭቃ ሲያይ እንደ ሙሽራ እግሩን የሚያነሣው።»

ሰው ሳቀ። አብዶ ግን አልሳቀም። «ሼህ በድሩ ናቸው የነገሩኝ» አለ።

«እኔንም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ሳቁ እየቀጠነ ሄደ። አብዶ ምንጣፎቹን አየ። አደም ድንጋዮቹን አየ። ምንጣፍም ድንጋይም በመጣበት መኪና መመለስ ይችላል። ይህን ሁላችንም አሰብን።

«ጉድጓዱስ?» አለች እትዬ ገበያነሽ ቀስ ብላ።

የሙስዐብ ፊት አመድ መሰለ።

አደም ወደ ሼህ በድሩ ዞረ። «አንቱ ነዎት የነገሩኝ» አለ። «ወላሂ ይበሉና ይለቅ። ወላሂ ካሉ አምናለሁ።»

የሼህ በድሩ እጆች እንደ ልማዳቸው ከሽርጣቸው ሥር ገቡ። የሚጨብጡት እጅ ግን አልነበረም። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«አላውቅም» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ ሙስዐብ።

«አላውቅም አልኩ፣ ልጄ። እኔ ስወለድ ቆሞ ነበር። አባቴም ሲወለድ ቆሞ ነበር። የሠራው ሰው ስሙን ትቶ አልሄደም፤ ደግ ሙስሊም ቢሆን ነው።» እጃቸውን ከሽርጡ አወጡ። «እኔ ደላላ ነኝ። ባለቤት የሌለው ከብት ገበያ መሃል ቆሞ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። አውፍ በሉኝ።»

የሚቆጣ ሰው ጠበቅሁ። አደም ግን መሬት መሬቱን አየ።

«ለልጆቼ ነግሬያለሁ» አለ። «ለአማቾቼም ነግሬያለሁ። ልጄን የዳርኩት በዚህ ታሪክ ነው። አሁን ሄጄ በሬው ቀረ ልበላቸው?»

«የኔም ግመል ቀረ» አለ አብዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ያኔ እትዬ ገበያነሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «አማቼ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በሕይወታቸው ዶማ ይዘው አያውቁም። ሽንኩርት እንኳ ሰው ነበር የሚተክልላቸው። እዚህ ከተማ ሲመጡ ደግሞ ይኼ መስጊድ አርጅቶ ጠበቃቸው።»

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለ ሙስዐብ።

«ምን ልበል? ደጃቸው የቆመውን ባለጉዳይ ቀና ብለው የማያዩ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ‹ጽሕፈታቸው ያምር ነበር› ከማለት በቀር የሚባል ጠፋ። እኒህ ሰውዬ አጥሬ ሥር ቆመው ጉድጓድ ቆፈሩ አሉኝ። ስለሳቸው ደግ ሲወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለልጆቼ ደውዬ ነገርኳቸው።» ወደ ሼህ በድሩ ዞረች። «አሁን ጉድጓዱን መልሰው ሊወስዱብኝ ነው?»

ሼህ በድሩ መልስ አጡ። ይህን ያየን ሰዎች እስከ ዛሬ ለሌላው እንተርካለን።

«አጥሩን አንሡት» አለች። «ፓፓያዋን እኔ አነሣታለሁ። ግን እዚያች መሬት ላይ ለመታጠቢያችሁ ጉድጓድ ቆፍሩባት። የባንተይርጋ ጉድጓድ ይባል። ያኔ ውሸት አይሆንም።»

ከዚያ አብዶ አደምን አየው። አደም አብዶን አየው። ሁለቱም አንድ ነገር እንዳሰቡ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልገመትኩም።

በሳምንቱ ከተማችን ገበያ ባልሆነበት ቀን ግመል አየች። አብዶ አንድ የመሠረት ድንጋይ በግመል ጭኖ በዋናው አስፋልት ገባ። ግመል በአንድ ጎን አይጫንምና ለሚዛን ሌላ ድንጋይ ተጨምሯል። አይሱዙ ቢሆን ግቢውን የሚሞላ ድንጋይ ባንዴ ያመጣ ነበር። ከግመሉ ኋላ የቆመው የባጃጅ ሰልፍ ከከተማው ድልድይ አልፎ ሄደ።

«ታርጋ አለው?» አለ አንዱ ባለ ባጃጅ።

«አያትህ ይጠየቁ» አለ አብዶ፤ ቀጥ ብሎ አለፈ።

በማግስቱ የአደም በሬዎች ምሰሶ እየጎተቱ ደረሱ። እውነቱን ልናገር፤ በሬዎቹ ከጨፋ እስከ ከተማው መግቢያ የመጡት በአይሱዙ ነው፤ ምሰሶውም አብሯቸው። መግቢያው ላይ ወርደው ተጠመዱ። አደም አላፈረም። «በሬ ጎተተው ወይስ አልጎተተውም?» አለ። ጎትቶታል። ኮንክሪት በሆነው አዳራሽ ውስጥ ለእንጨት ምሰሶ ሥራ ማግኘት የሙስዐብ ፈንታ ሆነ፤ የጫማ መደርደሪያው ማገር አደረገው።

ጉድጓዱ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዶማ እትዬ ገበያነሽ ያዘች። «አማቼን ወክዬ ነው» አለች። አነሣችው፤ ዶማው ወደ ጎን ሄዶ የፓፓያዋን ጉቶ መታ። ሼህ በድሩ ከብሎኬታቸው ሆነው አዩ።

«ባንተይርጋን ቁርጥ» አሉ።

እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቁፋሮው ቀጠለ፤ ውሃው ወጣ። ዛሬ ጁምዓ ሲሆን ሰው ውዱእ የሚያደርገው እዚያ ነው። አዳራሹ ግድግዳው ቆሞ ጣራው ባይመታም ሰው ከአስፋልት ተነሥቶ እዚያ ውስጥ ይሰግዳል። ጥሩምባ የሚነፋ ባጃጅ የለም፤ ቢነፋም የሚሰማው ግድግዳው ነው።

አንቀጼን ለሙስዐብ ሰጠሁት። አሮጌውን መስጊድ ማን እንደሠራው አይታወቅም ይላል፤ የማስፋፊያው ድንጋይ በግመል መግባቱን፣ ምሰሶው በበሬ መጎተቱን፣ ጉድጓዱ በባንተይርጋ ስም መቆፈሩን ይተርካል። ሁሉም ምንጭ አለው፤ የዓይን ምስክሩ ከተማው ነው። ሙስዐብ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ስለ አባትህ ቆርቆሮ የለበትም» አለ።

«ምንጩ አንድ ነው» አልኩት። «አይገባም።»

ከግቢው ስወጣ ሼህ በድሩ ብሎኬታቸው ላይ ነበሩ። ቀና ብለውም አላዩኝም። «የሹፌሩ ልጅ» አሉ። «ጣራው ገና ነው።»

የድሮ ደላላ ናቸው፤ መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ መቼ እንደሚለቀቅ ያውቃሉ።

ማክሰኞ ደሴ ነበርኩ። ቆርቆሮ ከሚሴም ይሸጣል፤ አውቃለሁ። የመናኸሪያው ሰው አንድ ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚሄድ ጎልማሳ ሲያይ ምን እንደሚያስብም አውቃለሁ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ አስጫንኩት። ኮምቦልቻን እስክናልፍ በነፋሱ እየተንኳኳ መንገደኛውን አስመረረ።

«ይኼ ቆርቆሮ ለምንድን ነው እንዲህ የከበረው?» አለኝ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«ለከሚሴው አሮጌ መስጊድ ነው» አልኩት። «የመጀመሪያውን ቆርቆሮም ከደሴ ጭኖ ያመጣው አባቴ ነው። እንዳንተው ሹፌር ነበር።»

«አጂብ። አልሰማሁም።»

«ቤት አልነገሩህም?»

ራሱን ነቀነቀ። መንገዱን እያየ ነበር፤ እኔ ደግሞ በመስታወቱ ፊቱን አየሁት። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ አፍንጫው የቆላ ነው፣ አማርኛው የደሴ። ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ።

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት።